ወደ ኋላ መውደቅ

ኅዳር 3፣ አዋሽ
መዝገብ ቤቱ ምድጃ ሆኖ ዋለ። ቬንቲሌተሩ ዛሬም አልተሠራም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቲያትር ልምምድ። አዘጋጃችን ማርቲ ጽሑፍ አትሰጠንም። «ሰውነታችሁ የሚያስታውሰውን አምጡ» አለች። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ቀን መናኸሪያው ላይ ሙቀቱ እንዴት እንደጣለኝ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች እንዴት ደግፈው እንደያዙኝ አሳየሁ። አጨበጨበች። የትርኢቱ መጨረሻ ይሄ ይሁን ተባለ። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ኋላ እወድቃለሁ፤ እሷና ካሊድ ይይዙኛል። ምን አስለፈለፈኝ?

ኅዳር 5
ካሊድ፣ የስፖርት መምህሩ፣ አንገቱን ደፍቶ «አጅነቢ ሴት አልነካም፤ እንዳትቀየሚኝ» አለኝ። ዘመዱ ያልሆነች ማለቱ ነው። ደስ አለኝ፣ ቀረ ብዬ። ምን ይቀራል... ከቤቱ ሽርጥ አመጣ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ማርቲ። ሰባ ኪሎ በጨርቅ?

ኅዳር 9
ትናንት በቂጤ ሲሚንቶው ላይ። ዛሬ ቢሮ ቆሜ ዋልኩ። ለቀቁኝ። ካሊድ ነው የለቀቀው። «አንቺ ነሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ የተቀመጥሽው» ይላል። ውሸታም።

ኅዳር 10
ማርቲ ስልኳን ወንበር ላይ አቁማ ቀርጻው ኖሯል። እውነትም ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጫለሁ። አፈርኩ።

ኅዳር 14
ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ስድስቴም ጉልበቴ ታጠፈ። «መጨረሻውን እንቀይረው?» አለችኝ ማርቲ። እንባዬ መጣ። የራሴ ነገር እኮ ነው... ያንን ቀን እንዴት ከትርኢቱ አወጣለሁ? ሰመራ ላይ ልናሳይ አምስት ቀን ቀረን። ምግብ አይወርድልኝም።

ኅዳር 16
ካሊድ «ዛሬ እኔ ልውደቅ» አለ። ጨርቁን እኔና ማርቲ ያዝን። ካሊድ ቀጭን ነው ብዬ... ትከሻዬን ሊገነጥለው ነበር። መልቀቅ ግን ትዝም አላለኝ። ሲነሳ ቀስ ብሎ «አንቺ ከወደቅሽ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለኝ። እኔ ደግሞ ስሰድበው ሰነበትኩ።

ኅዳር 19፣ ሰመራ
አዳራሹ ሞልቷል። ምልክቱ ማርቲ መሬቱን በእግሯ ስትመታ ነው። ቆሜ ጉልበቴ መታጠፍ ሊጀምር ሲል ተሰማኝ። ምልክቱን አልጠበቅኩም። ወደቅኩ፣ ቀጥ ብዬ። ጨርቁ ያዘኝ። ሰዉ አጨበጨበ።

ከመጋረጃው ጀርባ ካሊድ ላብ በላብ ሆኗል። «ሠርካዲስ፣ እህቴ፣ ምልክቱን ጠብቂ እንጂ። እኔ እኮ በደንብ አልጨበጥኩም ነበር።» ማርቲ የሽርጡን ጫፍ እስካሁን ከእጇ አልፈታችም።

ነገ እንደግመዋለን። ሁለቱም ፈርተዋል። እኔ ግን ርቦኛል።