አባዬ ሁለተኛ ስም የለውም

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእትዬ ሱማርሚ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ባለቤትሽ ዋርሲቶና ትንሿ ልጃችሁ ፑጂ ደህና ናቸው? ዝናቡ ገባላችሁ? ሩዙስ ተተከለ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጤናዬ አለሁ። በደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ከአጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው።

«በአርባውም በመቶኛውም ቀረህ፤ ለአባዬ የሺኛው ቀን ሰደቃም ልትቀር ነው? ከዚያ በኋላ እኮ ሌላ የለም» ብለሽ የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነትሽን ነው። ግን እትዬ፣ ታስሬ ነው። በር አልተዘጋብኝም፣ ዘበኛም አልቆመብኝም። ሥራ ስገባ ዲፕሎማዬን በመያዣነት ተቀብለው ካዝና ውስጥ ቆልፈውበታል። ሳይፈቀድለት የሄደ ሰው ዲፕሎማውን አያገኝም፤ ያለ ዲፕሎማ ደግሞ የትም ብሄድ የሚቀጥረኝ የለም። አለቃችን አቶ ሄንድራዋን ፈቃድ ስጠይቃቸው፣ የያዝኩት የኮምፒውተር ፕሮግራም እስኪስተካከል ድረስ ከዚህ ንቅንቅ እንዳልል ነገሩኝ።

ፕሮግራሙ የሆስፒታል ነው። የሕመምተኞቹ ማንነት እንዳይታወቅ ከስማቸው ውስጥ ፊደሎችን በዘፈቀደ ይለውጣል። አንዳንዴ ታዲያ በመሀል ድርቅ ብሎ ይቀራል። ያደረቀውን ስም መልሼ ስሰጠው ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል፤ ሁሉ ነገሩ በዕጣ ስለሆነ የት ላይ እንደሚሳሳት መያዝ አቃተኝ። ስንት ሳምንት እንዳፈጠጥኩበት አትጠይቂኝ። ሆስፒታሉ አለቃዬ ላይ ይጮኻል፣ አለቃዬ እኔ ላይ ይጮኻሉ፣ እኔ የምጮኽበት ሰው የለኝም።

አንድ ቀን መልእክትሽ ከአእምሮዬ አልወጣ ሲለኝ የአባዬን ስም ጻፍኩበት። ፓይሚን። ፓይሉን አድርጎ መለሰልኝ። ደግሜ ሰጠሁት፣ ዳይሚን አለው። አባዬ በየጊዜው የማላውቀው ሰው እየሆነ ይወጣል። ማቆም ግን አልቻልኩም፤ እንባዬ እየመጣ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። በመጨረሻ ስሙ ላይ ደረቀ።

ያኔ ገባኝ። ያንን ክፍል የጻፈው ቶጋር የሚባል የባታክ ብሔር ልጅ ነው። እነሱ ዘንድ የጎሳ ስም የሌለው ሰው የለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሁለቱ ስሞች አንዱን በዕጣ መርጦ ፊደሉን እንዲለውጥ አድርጎታል። እንደ አባዬ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ሲመጣና ዕጣው ሁለተኛው ስም ላይ ሲወድቅ፣ የሌለ ፊደል ሲፈልግ ይቀራል። ለቶጋር ባሳየው ሳቀብኝ። «እናንተ ጃቫዎች ለልጅ ሁለት ስም ማውጣት ምን ያቅታችኋል? በል የኔን የጎሳ ስም ለአባትህ ተዋስለት» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት መስመር ጨመርኩበትና ተስተካከለ።

ደስ እያለኝ አቶ ሄንድራዋን ቢሮ ገባሁ። አመሰገኑኝ፣ ሻይም አዘዙልኝ። ፈቃዱን ሳነሳባቸው ግን፣ «አሁንማ ጭራሽ አልለቅህም። ነገ ሌላ ቦታ ቢደርቅ ካንተ ሌላ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። ያን ሁሉ የለፋሁት ለካ በራሴ ላይ ቁልፍ ልጨምር ኖሯል። ከቢሮው እንዴት እንደወጣሁ እንኳ አላስታውስም።

እትዬ፣ ቆርጫለሁ። በወሩ መጨረሻ በሚነሳው መርከብ እመጣለሁ፤ ዲፕሎማውን ትቼላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ሠርቼ እንደምኖር አላውቅም፣ ፈርቻለሁም። ሰደቃው ግን አያመልጠኝም።

ለዋርሲቶ ሰላም በይልኝ፤ ፍየሉን አብረን ነው የምንገዛው። ፑጂን ጉንጯን ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የዲፕሎማውን ነገር ግን እኔው እስክነግራት ዝም በይ። አባዬ ለዲፕሎማዬ ብሎ ያሠራው ፍሬም እስከ ዛሬ ባዶውን እንደተሰቀለ አውቃለሁ። የሱን ፎቶ አስገቢበት።

ወንድምሽ ትሪዮኖ
ባታም ደሴት፣ ዓርብ ኖቬምበር 8 ቀን 2019