ለገመድ ሻጩ አባቴ፦ የዘንድሮው ገበያና ዝናብ

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ያለህበትን ቦታ ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ።

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። እንኳን አንተን፣ ጠዋት ጠዋት ስትረግመው የኖርከውን የጎረቤት አውራ ዶሮ አልረሳሁም። የቆየሁት ደስ የሚል ወሬ እስካገኝ ነው። አንተ እንደሆንክ የሚነፋረቅ ሰው አትወድም፤ ለቅሶ ቤት ሄደህ እንኳ ሰው አስቀህ ነበር የምትመለሰው። ወሬው አሁን ስለተገኘ ይኸው ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ገበያውን ልንገርህ፤ ሳልነግርህ ብቀጥል እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። በቆሎ አዲሱ ስለገባ ወረድ ብሏል። ጤፍ እንደ ግትር አማት ካለበት ንቅንቅ አላለም። በርበሬ ወጥቷል፤ ነጋዴው ከአዲስ አበባ አይሱዙ ይዞ እየመጣ ገና ከጆንያው ሳይፈታ ነው የሚጫነው። በሬ ከመስቀል በኋላ ተኝቷል፣ ታውቀዋለህ። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጣ፤ አልሐምዱሊላህ ነው።

ቤትም ሰላም ነው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀይረናል፤ ባልዲ እየደቀንን መተኛት ቀረ። የተከልካቸው እንሰቶች ከቤቱ በላይ ወጥተዋል፤ እማዬ ግን አንዷን እንኳ ማንም እንዲነካት አትፈቅድም። እህቴ ሀያት ወንድ ልጅ ወለደችና ስምህን አወጣችለት። ማሻአላህ ቆንጆ ነው፤ ጆሮው ብቻ ያንተው ነው፣ ምን ይደረግ!

ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። በገበያ ቀን ጠዋት ከእማዬ ጋር የገመድነውን የቃጫ ገመድ በባጃጅ ጭኜ ቡታጅራ ከብት ተራ እወርድና አንተ ትቆምበት የነበረው በር አጠገብ እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ ሴት ልጅ ከብት ተራ ምን ትሠራለች እያሉ በዐይናቸው ሊበሉኝ ነበር። አንዱ ደላላማ የመቀነት ተራው በዚያ በኩል ነው ብሎ አሾፈብኝ። መቀነቱን ለሚስትህ ግዛላት፣ ለጊዜው ግን በሬህ እየሄደልህ ነው አልኩት። እውነትም ዞር ሲል በሬው ያረጀ ገመዱን በጥሶ ወደ ጎመን ሻጮቹ እየገሰገሰ ነበር። በሩጫ ይዞት ተመለሰና ከእኔው ሁለት ገመድ ገዛ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከብት ተራ ውስጥ ስሜ «ገመዷ» ሆኗል።

ትዝ ይልሃል አባዬ፣ ልጅ ሆኜ የበሬን ዋጋ እንዴት እንደምታውቅ የነገርከኝ ቀን? የመንደሩ ሰው ሁሉ ይገረምብህ ነበር። በሬ አትገዛ፣ በሬ አትሸጥ፣ ከደላላ ጋር አትውል፤ ግን ከሁሉም በላይ ዋጋ የምታውቀው አንተ ነህ። ምስጢሩን ገበያ ስንወርድ መንገድ ላይ በጆሮዬ ነገርከኝ። ሻጭ በሬውን እንጂ ገመዱን አይሸጥም፤ ፈትቶ በትከሻው ጥሎት ይሄዳል። ገዢው በሬውን በባዶ እጁ አይነዳውምና አዲስ ገመድ ፍለጋ ወደ አንተ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ በርካሽ ገዝቶ ደስ ብሎታል፣ ወይ በውድ ገዝቶ ተቃጥሏል። ደላላ የሚጠራው ወሬ ነው፣ ገመድ የተገዛለት በሬ ዋጋ ነው ዋጋ አልከኝ። ከዚያ ለማንም እንዳልናገር አስማልከኝ።

ከገበያ ስትመለስ የአስር ሰላት ሰግደህ ጀፎሮው ላይ፣ ሰፊው የመንደራችን ሣር መንገድ ዳር ያለችው ዋንዛ ሥር ትቀመጥ ነበር። ሰውም ይሰበሰብልሃል። በቆሎውን፣ ጤፉን፣ በርበሬውን፣ በሬውን በተራ ትነግራቸውና በመጨረሻ ቀና ብለህ የዘቢዳርን ተራራ አይተህ ስለ ዝናቡ ትናገራለህ። ያንን ሰምተው ነው ለነገ ምን እንደሚሸጡና ምን እንደሚያሰጡ የሚወስኑት። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጀመሪያው ገበያ ቀን ሰዉ ከልማዱ የተነሳ መጥቶ ዋንዛዋ ሥር ቁጭ አለ። እማዬ በክርኗ ጎሰመችኝና ተነስቼ ተናገርኩ። ሰዎቹም ልክ አንተን እንደሚሰሙት ሰሙኝ። ወላሂ አባዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ያቺ ጥላ ባዶ እንዳትሆን።

ዓመት ሙሉ በሰላም ሄደ። ከዚያ ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ ጉድ ሠራሁ።

የሰንጋ ገበያ የሚደምቅበት ሰሞን ነው። እኔ ደግሞ ዓመት ስለሆነኝ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ገመዴን አጠገቤ ላለችው ሻይ ሻጭ አደራ ብዬ ደላሎቹ መሀል ገባሁ፤ እንደ ትልቅ ሰው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዋጋ ሳዳምጥ ዋልኩ። አንዱ ይህን ያህል ይላል፣ ሌላው ከላይ ይጨምራል፣ ልቤ ጠፋ! ማታ ዋንዛዋ ሥር ቆሜ ሰንጋ ሰማይ ነካ፣ ያደለበ ሁሉ በሚቀጥለው ገበያ ያውጣ ብዬ አወጅኩ። የዚያን ቀን ሻይ ሻጯ የሸጠችልኝ ሦስት ገመድ ብቻ ነበር። ሦስት! ያን ሁሉ ሰንጋ ማን በምን አስሮ ወሰደው ብዬ እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ገበያ ከመንደራችን ሰባት ሰንጋ ተነዳ። ለእኛ መሸጫ፣ ለመስቀል አክባሪዎቹ ጎረቤቶቻችን መግዣ ነው፤ ከእነሱ አንዱ ጋሽ ወልዴ እንኳ የራሱን ሥራ ትቶ ሰንጋ በመንዳት ሊያግዘን አብሮ ወረደ። ገዢው የሚሰጠው እኔ ካልኩት ጋር አይገናኝም። ደላሎቹ የጠሩት ዋጋ ለወሬ የተጠራ ነበር። ሰባቱም ሰንጋዎች ውኃ እንዳማራቸው ያንኑ ዳገት ተመልሰው ወጡ። እትዬ ከድጃ ያለቻት ያቺ አንዲት ሰንጋ ናት፤ ዓመት ሙሉ ጓሮዋን አራቁታ የቀለበቻት። ከበሬው ኋላ ኋላ እየሄደች፣ ይህቺ ልጅ የአባቷን ገመድ ወረሰች እንጂ ዐይኑን አልወረሰችም አለች። እንድሰማላት ነው ጮክ ብላ የተናገረችው፤ ሰማሁላት።

በቀጣዩ ገበያ ቀን ዋንዛዋ ሥር ማንም አልመጣም። እማዬ ብቻ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ መሀል ላይ ተቀመጠችና እንደ ብዙ ሰው ሆና ታዳምጠኝ ጀመር። ሳበቃ ደግሞ ፍየልስ ስንት ዋለ ብላ ጠየቀችኝ፤ ፍየል እንኳ የለንም። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ። ያንተን ቦታ በገዛ እጄ ባዶ አደረግኩት ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ።

አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ተቆጥተህ እንዳታነብ። ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ሰዉ ሳይበተን መንገድ ላይ ቆምኩና ሁሉንም ዘከዘክሁት። ያወራሁላችሁ የተጠራ ዋጋ ነው፣ የዚያን ቀን ሦስት ገመድ ብቻ ነው የተሸጠልኝ፣ አባቴ ዋጋ የሚያውቀው በገመድ ነበር፣ እኔ ግን ገመዴን ትቼ ደላላ ሳዳምጥ ዋልኩ አልኳቸው። አዎ፣ ምስጢርህን አወጣሁብህ፣ መሐላዬንም በላሁ። አንዱ ሽማግሌ፣ ታዲያ ያ ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኛን ያስገረመን በገመድ ነው እንዴ ብሎ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም ተከተለው። እትዬ ከድጃ ግን አልሳቀችም።

ሰንጋዎቹ ከመስቀል በፊት በነበረው የመጨረሻ ገበያ ተሸጡ፤ እኔ እንዳልኩት ባይሆንም ደህና ዋጋ አወጡ። የእትዬ ከድጃንም ጋሽ ወልዴ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ወሰደላት። እኔም ከዚያ ወዲህ ዋንዛዋ ሥር ስቆም መጀመሪያ የምናገረው የገመዱን ቁጥር ነው። ዛሬ ሃያ ገመድ ስላቸው ሰንጋቸውን ለማውጣት ይዘጋጃሉ፣ አራት ስላቸው ሣር ጨምሩለት ይባባላሉ። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ተመለሰ። የቀረችው እትዬ ከድጃ ነበረች።

እና አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት መንደሩ ሁሉ በርበሬ አስጥቶ ነበር፤ ከደጃፍ እስከ ጀፎሮው ድረስ ምድሩ ቀይ ነው። በዚህ ጊዜ ዝናብ ቢመታው ጠቁሮ እንደሚቀር ታውቃለህ። ስልኬ ዛሬ ደረቅ ነው ይላል። ቀና ስል ግን ዘቢዳር ጫፉ ድረስ ጥቁር ደመና ተከናንቧል፣ ነፋሱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ልጩህ ወይስ ዝም ልበል? ብሳሳት አለቀልኝ፤ ዝም ብዬ ቢዘንብ ደግሞ የሰው ዓመት አለቀ። ባለኝ አቅም ጮህኩ። በርበሬያችሁን አንሱ! ዝናብ መጣ!

አባዬ፣ ቀድማ ብድግ ያለችው ማን ትመስልሃለች? እትዬ ከድጃ! እንደ ልጃገረድ እየሮጠች ሸራዋን አጠፈች። እሷን አይቶ ሌላው ሁሉ ተነሳ፤ ያንን ሁሉ በርበሬ ባንድ አፍታ አነሳነው። እያስነጠስን በየደጃፉ ቆመን ዝናቡን ጠበቅን።

ጠብታ አልመጣም። ደመናው እያየነው ዝናቡን ይዞ ወደ ኢንሴኖ በኩል ሄደ፤ እኛ ላይ እንደ መጋቢት ያለ ፀሐይ ወጣ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እትዬ ከድጃ ወደ እኔ ስትመጣ ዐይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አባትሽ ስንት ጊዜ በርበሬያችንን በከንቱ አስለቅሞናል መሰለሽ፣ ተራራው ዋሸኝ እያለ ነበር የሚያመልጠን፣ ዛሬ ገና ቁርጥ እሱን መሰልሽ አለችኝ። ከዚያ የራሷን ትታ የእኛን በርበሬ አብራኝ አሰጣች።

ይህን ደብቀኸኝ ነበር አይደል? እኔ አንተን አንድም ቀን ተሳስቶ የማያውቅ ሰው አድርጌ ስንት ጊዜ ራሴን አሠቃየሁ! ትናንት ገበያ ነበር፤ ጥላዋ ሥር መቀመጫ ጠፍቶ ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰማኝ። እትዬ ከድጃ ከፊት ነበረች።

እስከዛሬ አንተን የማስታውስህ ልክ ስሆን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከእንግዲህ ስሳሳትም አስታውስሃለሁ፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው።

ልጅህ ሰሚራ