ቀጋ ባመጣህ ጊዜ ሳልመልስልህ የቀረሁት

ውድ ዋልልኝ፣

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ትናንት አንበሳሜ አባዬ ቤት ደርሰው «ልጅቱን ላማክር፤ እሑድ ተመለሱ» ተብለዋል። አባዬ ደውለው «እኔስ ወድጄዋለሁ፤ አንቺ ግን ሁለተኛሽ ነውና አስቢበት» አሉና ዘጉት።

ይኸው ደብረ ታቦር፣ የማስተምርበት ላቦራቶሪ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እያሰብኩ ነው። ጉም ከጉና ወርዶ ግቢውን ውጦታል፤ ዛፎቹ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ። እንዲህ ባለ ቀን ነቅቼም የማልም ይመስለኛል።

ከማሳህ አጥር የለቀምከውን ቀይ ቀጋ በፌስታል ይዘህልኝ የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ወቅጬ፣ በውኃ አጥልዬ፣ ስታርች ጨምሬ አዮዲን ጠብ ሳደርግበት ሰማያዊው ቀለም ብቅ እያለ ሲጠፋ አፍህን ከፍተህ አየህ። «ቫይታሚን ሲ ነው፤ ያለውን እየሰጠ ነው የሚያጠፋው» አልኩህ። «ሲሰጥ ሲሰጥ እሱስ ምን ይሆናል?» አልከኝ። ተማሪዎች ገቡና ሳልመልስልህ ቀረሁ።

መልሱ ይኸው። ሰውነት ሲታመም ወይም ከአቅሙ በላይ ሲደክም ኤሌክትሮን የጎደላቸው ሞለኪውሎች ይበዙበታል። ራዲካል እንላቸዋለን፤ የጎደላቸውን ካገኙት ሁሉ ይነጥቃሉ። ቫይታሚን ሲ ግን ራሱ ይሰጣቸዋል። እነሱ ይረጋሉ፣ እሱ በተራው ራዲካል ይሆናል። ጎዶሎ ነው፣ ግን ጨዋ ጎዶሎ፤ እንደነሱ አይነጥቅም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሲገናኙ አንዱ የቀረውን ለሌላው ይሰጣል። ተቀባዩ እንደ ድሮው ሙሉ ቫይታሚን ሲ ይሆናል፤ ሰጪው ባዶውን ይቀራል። ቶሎ የሚደርስለት ካላገኘ ይፈርሳል። ከፈረሰ በኋላ አይጠገንም።

እኔና አንተን አሰብኩ። ባሌ ይሻው ከሞተ ወዲህ እኔ፣ ሚስትህ እመቤት ከሞተች ወዲህ አንተ። መጀመሪያ የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ አንተን ደግፌ ሳቆም እኔ እፈርሳለሁ ብዬ። ኋላ የይሻው ተዝካር ትዝ አለኝ። ድንኳን የተከልክ አንተ፣ ውኃ ያመላለስክ አንተ፣ እንግዳ የሸኘህ አንተ። የእመቤት ዓመት እንኳ ገና አልሞላም ነበር።

«ዋልልኝ፣ ትንሽ አረፍ በል እንጂ» ስልህ፣

«ኧረ ደኅና ነኝ፣ ምን ሆንኩ!» አልክ።

ጥቂት ቆይቼ ሳይህ አጥሩን ተደግፈህ፣ እንደቆምክ እንቅልፍ ወስዶሃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እወድሃለሁ። አሁን የምፈራውም ለአንተ ነው፤ እኔን ሙሉ አድርገህ አንተ እንዳትፈርስብኝ።

ደግነቱ፣ ሰውነት ውስጥ ባዶውን ለቀረው የሚሰጡ ሌሎች አሉ፤ ጊዜው ሳያልፍ ከደረሱለት ይመልሱታል። ነገሩ እንደ ወንፈል ነው፤ ዛሬ የአንተ አጨዳ፣ ነገ የእኔ። ወንፈል የሚበላሸው ተራው የደረሰው ሰው «የእኔ ይቅር» ያለ ቀን ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ። አባዬ «እሺ» ይሏቸዋል፤ እኔም ብያለሁ። ለጥሎሽ ወርቅ ፍለጋ ባሕር ዳር አትንከራተት። የምፈልገው ጥሎሽ አንድ ብቻ ነው፤ ሲደክምህ «ማሬ፣ ደከመኝ» በለኝ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ደውልልኝና ተለማመድ።

የአንተው ማሬ