ጅራቱ የተቆረጠ ምንባብ

ጥር 6

ሥራ ዋልኩ። የውሃ ናሙና መቅዳት፣ ክሎሪን መለካት፣ ጠርሙስ ማጠብ... አዲስ ነገር የለም። ቤት ስገባ ግን አባዬ ሶፋዬ ላይ ነግሦ ጠበቀኝ። እግሩን ተሰብሯል፤ ጀሶው እስኪፈታ እኔ ጋ ነው። ዕድሜ ልኩን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ጭረት ያልነካው ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ የገዛ ቤቱ ደረጃ ጣለው። ለጠየቀው ሁሉ “ደረጃው ፍሬን አልነበረውም” ይላል።

ቤቴ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ናት። ማጥኛዬ ሳሎኑ ነበር። ነበር...

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ደግሞ ደርሷል። ሌላው ትምህርት አይከብደኝም፤ የሚጥለኝ የእንግሊዝኛው ምንባብ ነው። ሁለቴ ጥሎኛል። መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ዕድል ሦስት ነው። ዘንድሮ ከወደቅሁ እስከ ጡረታዬ ጠርሙስ አጥባለሁ፤ በክብር።

ጥር 8

ሊቁ ዛሬም መከረኝ። ሊቁ ያልነው እኛ የሥራ ባልደረቦቹ ነን፤ እሱም ተቃውሞ አላቀረበም። ምንባቡን ጭራሽ አታንብቢ ይላል። ጥያቄውን አይተሽ ቃሉን ምንባቡ ውስጥ አድኚው፤ ያገኘሽበትን መርጠሽ እለፊ። እሱ ራሱ በመውደቅ እኩያዬ ነው። ስንት አመጣህ ሲሉት “ቃላቱን እኮ በሙሉ አውቃቸው ነበር” ይላል። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች...

እኔስ? የሱን ምክር ሁለት ዓመት በታማኝነት የተከተልኩት እኔ አይደለሁ? ታዲያ ሞኙ ማነው?

ጥር 11

ጮክ ብዬ ሳነብ አባዬ ጋዜጣውን አጠፈ።

“እያማሽኝ ነው እንዴ?”

ኧረ ምንባብ ነው አልኩት። ስለምን? ስለ አንድ መብራት ጠባቂ... ስለ ወንድሙ... ስለ ጀልባ። ጀልባዋ ምን ሆነች? አምስቱንም ጥያቄ መልሼ ጨርሻለሁ፤ ምንባቡ ምን እንደሚል ግን የማውቀው ነገር የለም። አፈርኩ። እንደ አዲስ ጀመርኩት፤ ለሱ በእኛ ቋንቋ እየነገርኩ።

ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈዋል። ታላቅየው ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ይጠብቃል። አንድ ቀን ጭጋጉ ውስጥ የታናሹን ፉጨት ሰማ፤ ጀልባዋ ወደ ዓለቱ እየሄደች ነው። የመብራቱ ዘይት ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ታላቅየው መብራቱን ከፍ አደረገ...

“ከዚያስ?”

አለቀ አልኩት።

“ምን ማለት ነው አለቀ? ልጁ እኮ ጀልባ ላይ ነው ያለው።”

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለምንባቡ የሚስማማው ርዕስ የቱ ነው ይላል አልኩት።

“ሰው ውሃ ሊበላው፣ እነሱ ርዕስ ይመርጣሉ” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥር 12

ቁርስ ላይ አባዬ፣ ሳይጠየቅ፦ “እኔ ልጁ ደርሷል ባይ ነኝ።”

ጥር 17

እትዬ መርፌ የአባዬን እግር ሊጠይቁ መጡ። ከታች ፎቅ የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ለሙያቸው ይሁን ለምላሳቸው እስካሁን አልታወቀም። የሚጠልፉትን ሱሪ ይዘው ገቡ። አባዬ የወንድማማቾቹን ነገር አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ክር በጥርሳቸው በጥሰው ሰጥሟል አሉ።

አልሰጠመም፤ ሰጥሟል። ድምፃቸው ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር።

“ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት አስፋልት ነው። ውሃ ምን ያውቃሉ?”

“ውሃ የምታውቀው ልጄ ናት። እሷም አልሰጠመም ብላለች።”

እኔ እንደዚያ ያልኩት ነገር የለም። በመጨረሻ በአንድ ድምፅ ፈረዱብኝ፤ ነገ ሌላ እንዳመጣ፣ መጨረሻ ያለው። ከየት? የፈተና ምንባብ ሁሉ ጅራቱ የተቆረጠ ነው...

ጥር 24

እንግዲህ ሥራ ከወጣሁ በኋላ ጉባኤ አለብኝ። አባዬ ሶፋው ላይ፣ እትዬ መርፌ ወንበሩ ላይ፣ እኔ መሬት። ዛሬ ስለ ንብ ነበር። ንብ አበባ ስታገኝ ለጓደኞቿ እየጨፈረች መንገድ ትነግራለች ይላል። ከዚያስ? ሰሟት? አንዷ እንኳ እንቢ አላለችም? ንብ ውስጥ ምቀኛ እንዴት ይጠፋል?

አንድ ዓረፍተ ነገር ከበደኝና ሾልኬ ላልፍ ስል አባዬ ያዘኝ። “ማርሽ ቀየርሽ። ተመለሺ።” ተመለስኩ። እየተንተባተብኩ ፈታሁት።

ከዚያ አባዬም ካልተፈተንኩ አለ። ከአምስት ዜሮ አመጣ፤ ይግባኝ ጠይቋል። እኔ ከአምስት አምስት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ድርሻችንን አምጪ ቢሉኝስ?

የካቲት 2

ሊቁ ምሳ ሰዓት ላይ ምንባቡን ከላይ እስከ ታች ሳነብ ደረሰብኝ። ጥርስሽን በድንጋይ ስትፍቂ ያየሁሽ ያህል ነው የደነገጥኩት አለ። በሱ ሰዓት ያዥነት ተሞከርኩ። ሰዓቱ ቀደመኝ... አንዱ ምንባብ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ልጇን ታገኘው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሁለት ምንባብ ሳልነካ ቀረሁ።

ፈራሁ። ፈተናው ደርሷል። ወደ ድሮው ልመለስ? ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፦

“መንገዱን ትቶ ታርጋ ብቻ እያነበበ የደረሰ ሹፌር አላየሁም። አንቺ መንገዱን እይ፤ ፍጥነቱ ይመጣል።”

ደረጃ የጣለው ሰው ነው ይህን የሚለው። ቢሆንም እንቅልፍ ወሰደኝ።

የካቲት 5

ሰዓት ያዥ ተቀየረ፤ እትዬ መርፌ። የአንዱን ሱሪ እግር ጠልፈው ሲጨርሱ የኔም ጊዜ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሴትዮዋ ማዘን የሚቻለው መልስ ከተሰጠ በኋላ ብቻ ነው ተብሎ ተደነገገ።

የካቲት 11

ተፈተንኩ።

የመጨረሻው ምንባብ ስለ አንድ ፖስተኛና ስለ በቅሎው ነበር። ድልድዩ ጫፍ ሲደርሱ በቅሎዋ አልሻገርም ብላ ተኛች። ለመናት፤ ሰደባት፤ ስለ እናቷ አነሳ። በመጨረሻ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ሄደ። ድልድዩ መሃል ሲደርስ ከኋላው የሚንቋቋ ነገር ሰማ። ዞር አለ...

ጥያቄ አንድ።

“ከዚያስ?” የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ለካ የኔው ነው። ፈታኙ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ምንም አይደለም አልኩት፤ ሳቄን እንደ ሳል አስመስዬ ዋጥኩና መልሱን አጠቆርኩ። ደወሉ ሲደወል የቀረኝ ጥያቄ አልነበረም።

ቤት ስደርስ ሁለቱም ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ፈተናው እንዴት ነበር ያለኝ የለም። አባዬ፦ “ዛሬ ስለ ምን ነበር?”

ነገርኳቸው። የሚንቋቋው ድልድዩ ነው፤ የለም የበቅሎዋ ኮቴ ነው... እራቱ ቀዘቀዘ። እኔ ኮቴ ነው ባይ ነኝ። ተጸጽታ ነው።

መጋቢት 3

አለፍኩ።

ደግሜ ልጻፈው፤ ማን ይከለክለኛል? አለፍኩ። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣሁት ምንባብ ላይ ነው። እትዬ መርፌ እልል ብለው ጎረቤት አስወጡ። አባዬ አቅፎኝ ቆየ... “በቅሎዋም ተሻግራለች ማለት ነው” አለ።

ሊቁ ዘንድሮ ቃላቱ ቀለሉ አለኝ። እሱ ግን ወድቋል። ከሥራ ስንወጣ ተከትሎኝ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማታ ማታ የምታነቡት ነገር... ለሌላ ሰውም ይፈቀዳል እንዴ? አለኝ። ሶፋው ሞልቷል አልኩት። ወንበር ይዤ እመጣለሁ አለ።

መጋቢት 9

የአባዬ ጀሶ ተፈታ። ሐኪሙ እግሩን አገላብጦ አየና፣ ድነዋል፣ ቤትዎ መግባት ይችላሉ አለው። ጥር ላይ ይህን ቀን በጣቴ እቆጥር ነበር። ዛሬ ልብሱን ሳጥፍ እጄ ከበደኝ... ምን ነካኝ?

ለመሸኛ ብዬ ከቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ተውሼ መጣሁ። መጨረሻ ያለው መሆኑን አረጋግጫለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ለጉባኤው ተረጎምኩ፤ ሊቁም ወንበሩን ይዞ ተገኝቷል። ልማድ ሆኖብኝ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጥ ሳደርግ አባዬ በምርኩዙ መጽሐፉን ዘጋብኝ።

“እንዳትነግሪኝ።”

ከዚያ ሻንጣውን አየ። መጽሐፉን አየ።

“ስንት ምዕራፍ ነው?”

ሠላሳ አንድ አልኩት።

ምንም ያልሆነውን ጉልበቱን ይዞ ፊቱን አጨማደደ።

“እግሬ እኮ አሁንም ያመኛል። እስከ ሠላሳ አንድ ድረስ ግን ይሻለኝ ይሆናል።”

ሻንጣውን ፈታሁ። ቀስ እያልኩ ነው የማነበው።