የተዘለለችው መስመር

መቀሌ፥ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵ ዓ.ም.

ይድረስ ቤይሩት ላለው ባለቤቴ፥

ከተለየኸኝ ጀምሮ ጤናህ እንዴት ነው? ምግቡስ ተስማማህ? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። አከራያችን ኣደይ ለተብርሃን በየጠዋቱ «ሰብኣይኪ ከመይ ኣሎ?» እያሉ ስለ ባሌ ደኅንነት መጠየቃቸውን አልተዉም። ደኅና ነው እላለሁ። ምን ያህል ደኅና እንደሆንክ ያወቅኩት ግን ባለፈው ሳምንት ነው።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልንገርህ፤ የሰው ወረቀት አነበብኩ። በእኔ ደብዳቤ ውስጥ አጥፈህ «ይህን ለመምህር አስናቀ ስጪልኝ» ያልከውን፥ እንዲመክሩህ የላክህላቸውን የትምህርትህን ዕቅድ። አላሸግኸውም። ለምን ታሽገዋለህ! ሚስትህ ፊደል አትለይ።

ትለያለች። ያስተማረችኝ፥ እንዳትስቅ፥ የራሳቸው የመምህር ሚስት የትምወርቅ ናት። የቄስ ልጅ አይደለች? እርሳቸው ተማሪ ቤት ሲውሉ እኛ ስፌት ይዘን እንቀመጣለን፤ ከስፌቱ ሥር ፊደል። መምህር እስከ ዛሬ ሰፌድ መስፋት የምማር ይመስላቸዋል። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሰፌድ! አንድም ቀን የት ደረሰ ብለው አልጠየቁም።

እናም ዕቅድህን አነበብኩት። አንደኛ ዓመት ጠቅላላ ኬሚስትሪና ሒሳብ፤ ቀጥሎ ፊዚክስ። እስከዚህ ድረስ «ጎበዝ ባል አለኝ» እያልኩ ነበር። ከዚያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የምትለው ላይ ደረስኩ። በሚመጣው ክረምት ብትወስደው በሦስት ዓመት ጨርሰህ ትመለሳለህ። «ነገር ግን» ብለሃል፥ «ላቦራቶሪ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ የምንሠራው ወይዘሪት ሱዓድ ክረምቱን ወደ ወላጆቿ ስለምትሄድ፥ መስከረም ላይ ከእርሷ ጋር ብጀምረው ይሻለኛል። አራት ዓመት ቢፈጅም አይከፋም።»

አይከፋም!

ሰባት ጊዜ አነበብኳት። ንባብ የፈጠነልኝ በዚህች መስመር ነው ብል አልዋሸሁም። ጠረጴዛው ምን ያህል ይሰፋል? እሳቱን የምትለኩሰው እርሷ ናት ወይስ አንተ? ብርጭቆውንስ ማን ያጥባል? እዚህ አንድ ብርጭቆ አጥበህ አታውቅም።

ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ መምህር ቤት ሄድኩ። ምንም እንደማያውቅ ሰው «ምን ይላል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ሱዓድ ጋ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። ሳላቸውን ሲጨርሱ መስመሯን ዘለው መስከረም ላይ ናቸው! የትምወርቅ በትከሻቸው በኩል ታነብ ነበርና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ወደ ጓዳ ሮጠች።

«ለምን በክረምት አይወስደውም?» አልኳቸው።

«ሙቀቱ ነዋ፥ ልጄ» አሉኝ። «እኛ ክረምት የምንለው እዚያ የእሳት ወራት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው መቆም አይችልም።»

«ሰኞ ሰኞ ከቆላ ጨው ጭነው የሚመጡት ግመል ነጂዎችስ እንዴት ችለውት ነው?»

ይኼኔ የትምወርቅ ከጓዳ ሆና «አንቱ፥ ሳልዎ ተሻለዎት?» አትላቸውም መሰለህ!

መምህር አሁን መልስ እየጻፉልህ ነው። ክረምት ይበሉህ መስከረም አላውቅም። የእኔ ምክር ግን ይኸውልህ፦ ኦርጋኒኩን በክረምት አድርገው። ጠረጴዛው ዘንድም ብቻህን ቁም።

ፊደል የቆጠርኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? እስካሁን ደብዳቤዬን ይጽፍልኝ የነበረው አቶ ደመላሽ ነው። በእርሱ ፊት አፍሬ የማላስጽፋት አንዲት ነገር ነበረችኝ። ስምንት ወር የለፋሁት እርሷን በገዛ እጄ ልጽፍልህ ነበር። ዛሬ ግን እንደ መምህር ሳል ያዘኝና ዘለልኳት። ለክረምቱ ተመዝግቤያለሁ ብለህ ስትጽፍልኝ ቦታዋ ላይ እመልሳታለሁ።

የመምህርን መልስ ለአስመራው መኪና የምሰጠው እኔው ነኝ። ካላሸጉት፥ ምን ብለው እንደመከሩህና ሰኞ የትምወርቅ ስለ ሰፌዱ እውነቱን ስትነግራቸው ምን እንደሆኑ፥ ሁለቱንም ጽፌ በዚያው መኪና እልክልሃለሁ።

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ ከእሳቱም፥ ከመርዙም፥ ከጠረጴዛውም።

ባለቤትህ