ቆርቆሮው ከጣሪያው በታች

ሚያዝያ 12 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም ማዘጋጃ ቤት። ዛሬም ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው «ቆዪ»። የገበያው አቧራ ጥርሴ ውስጥ ገብቷል። ማስታወሻዬ፣ አንተ ባትኖር ከግድግዳው ጋር ነበር የማወራው።

ሹሙ በመጨረሻ አስገቡኝ። ፕላኑን አገላብጠው አዩት። የእናቴ ሣር ቤት ቆርቆሮ ለብሶ፣ በአራት ክፍል ተከፍሎ፣ ለሾፌሮች አልጋ ቤት ሲሆን። ሥዕሉን ወደዱት። ከዚያ ቦታው የማን ነው አሉ። የእናቴ ርስት አልኩ። እንግዲያው ሽማግሌ ትውልድሽን ቆጥሮ ይፈርምልሽ፣ ያኔ ፈቃድ እሰጣለሁ አሉ። አለዚያ በመንገዱ ዳር ያለ ሣር ቤት ሁሉ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ይፈርሳል። ያለፈቃድ ቆርቆሮ ላይ ምስማር የመታም ይቀጣል።

ይኸው ብቻ? ሳቄ መጣ። የእኔን ትውልድ ወረታ ላይ የማያውቅ ማነው! ቆርቆሮው ተገዝቶ ቤት ውስጥ ተደርድሯል። ላሜ ለሱ ተሸጣ ሄደች። የታሰረችበት የቆዳ ጠፍር ብቻ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። ከባሌ ከተፋታሁ ወዲህ ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ የለኝም።

ሚያዝያ 20፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዋርካው ሥር። አያ ባዩ ቆጠሩ። ዘር በመቁጠር የሳቸውን ያህል የሚታመን የለም። እኔው ነኝ የመረጥኳቸው፣ እኔው! ቦታውን ካቀኑት አባት ጀምረው ወረዱ፣ ወረዱ። እናቴ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ ስል የእናቴን ታላቅ እኅት ጠሩ። አንበሳሜ ተድራ እዚያው የሞተችውን። ከሷም ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አለች አሉ፤ በሕይወት ያለች፣ ከእኔ እኩል ወራሽ። ሕዝቡ ሁሉ እውነት ነው አለ።

አያ ባዩን ቤታቸው ድረስ ተከትዬ ሄድኩ። አንድ ሰው ብቻ ይዝለሉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ። «ልጄ፣ ቁጠር ካላችሁኝ ዘልዬ አልቆጥርም። ዛሬ እሷን ብዘል ነገ አንችን የሚዘል ይመጣል» አሉ።

ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኔ ነኝ።

ግንቦት 2፣ ዓርብ

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ጥሩወርቅ መጣች። እስከ ሐሙሲት በእግሯ፣ ከዚያ ጤፍ በጫነ መኪና ላይ። አንድ ነጠላ፣ አንድ ጥቅል። አገጯ የእናቴ አገጭ። በዚሁ ጠላኋት።

ገንዘብ አትፈልግም። ድርሻዬን ትቼ አልሄድም፣ እዚሁ እኖራለሁ ነው የምትለው። በሩ ላይ ቆማ ውስጡን አየችና «ለካ እኔም ቤት አለኝ» አለች፤ ለራሷ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ጮኽኩባት። እናቴን ሳስታምም የት ነበርሽ፣ ቀብር ላይ የት ነበርሽ፣ ምን ያላልኩት አለ። ጥቅሏን አንሥታ አያ ባዩ ቤት ሄደች።

ሹሙ፦ ሁለታችሁ ካልፈረማችሁ ፈቃድ የለም።

ግንቦት 15፣ ሐሙስ

ዝናብ ጀመረ። ክዳኑ አርጅቷል፤ ቆርቆሮ ይለብሳል ብዬ ዘንድሮ አላሳደስኩትም። አሁን ቆርቆሮው ላይ ያፈሳል። ጣሪያ ሊሆን የተገዛ ነገር ጣሪያ ቸግሮት ሲደበደብ! ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

ማ/ቤት ሄጄ ለመንኩ። እምቢ። ዘበኞች በሚፈርሰው ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ ኖራ እየቀቡ ነው። የእኔንም ቀቡት። እህል አስጠልቶኛል። ርብ ወንዝ ሞልቶ እኔንም ማ/ቤቱንም አንድ ላይ ጠርጎ ቢወስደን ደስ ይለኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ጥሩወርቅ መጣች። ሳትጠራ ገባች፣ ከሚያፈሰው ሥር ገበቴ ደቀነች፣ ተቀመጠች። ከዚያ የደረሰባትን ነገረችኝ። ባሏ ሌላ አግብቶ አስወጥቷታል። ከዚያ ወዲህ በየዘመዱ ደጅ። ግማሹን ስጪኝ አልልም፣ ማንም ውጪ የማይለኝ አንድ ጥግ ብቻ አለችኝ።

አፈርኩ። ለማላውቀው ሾፌር አራት ክፍል ሥዬ ለአክስቴ ልጅ ጥግ አጣሁ። እኔስ ከባሌ ቤት ወጥቼ አይደል እዚህ የገባሁት? አቅፌያት ማልቀስ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። ራት አቀረብኩላት።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

አብረን ማ/ቤት። የመጀመሪያው ክፍል የጥሩወርቅ ነው ብዬ ፕላኑ ላይ ጻፍኩ። እኔ ልፈርም፣ እሷ ጣቷን ልታትም። ሹሙ የሉም! ደ/ታቦር ሄደዋል፣ ከሚካኤል በኋላ ይመለሳሉ። ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ዘበኞቹ ግን የትም አልሄዱም፤ ነገ ያፈርሳሉ። ጸሐፊው ትእዛዝ ነው ከማለት ሌላ ቃል የለውም። መንገዱ መሐል ተቀምጬ ጮኽኩ። ሰው አየኝ። ይየኝ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ፣ ጧት

ትናንት ተመልሰን ቤት ስንገባ ጥሩወርቅ ጠየቀችኝ። የሚፈርሰው ምን ዓይነት ቤት ነው? ሣር ቤት አልኳት። ሣሩ ከሌለስ? የተከለከለውስ ምንድነው? ምስማር አልኳት። ቀና ብላ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን አየች። «ጠፍር ምስማር ነው እንዴ?»

ክዳኑን በማጭድ ገፍፈን ጨርሰናል። ቆርቆሮውን እየደረደርን፣ በላዩ አጠና እያጋደምን በላሜ ጠፍር እያሰርን ነው። አያ ባዩም ቀንበር የሚያስሩበትን ምራን ላኩልን። ጠፍሩ ቆርቆሮውን ይያዘው አይያዘው እንጃ። ቢያፈርሱትም ሁለታችን ውስጥ እንደተቀመጥን ነው የሚያፈርሱት፤ ቆርጠናል። የዘበኞቹ ኮቴ ይሰማል። ጥሩወርቅ ከላይ እየጠራችኝ ነው፣ እኅቴ ጫፉን ያዥልኝ እያለች፣ እኔም መጻፌን ትቼ ልያዝላት።