በወይራ የታጠነው ቃጫ

የካቲት 6፣ ሰኞ
ነጌሌ ዛሬም መብራት የላትም። ከቦሬ ያስላክሁት የእንሰት ቃጫ ደረሰ... ግማሹ አውቶቡሱ ላይ የዕቃ ማሰሪያ ሆኖ! ረዳቱ «ገመድ አይደል እንዴ?» ይለኛል። ገመድ አይደለም። ከጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝ ስፖንጅ ነው። ማለቴ፣ ይሆናል። ሦስተኛ ዓመቴ በዚሁ። አማካሪዬ ዶክተር ልዑልቃል «እስከ ወሩ መጨረሻ ውጤት ካላየሁ ማስተርሱን እርሺው» ብሎኛል።

የካቲት 15፣ ረቡዕ
ቃጫውን በሶዳ ቀቀልኩ፣ አነጣሁ፣ አደረቅሁ፣ ጋዙን የሚይዘውን ኬሚካል አጠጣሁት። የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። አምስት ቁራጭ ወጣኝ። አራቱን በየጠርሙሱ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ተውኩ፤ አንዱን ለማወዳደሪያ ከድኜ ቆለፍኩበት። የማስተምርበት ኮሌጅ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፈኛል።

የካቲት 20፣ ሰኞ
የከሰል ጭስ በስፖንጁ አሳልፌ ወደ ኖራ ውሃ ለቀቅሁ። ጋዙ ከተያዘ ውሃው ጥርት ብሎ ይቆያል። ወዲያው ነጣ። ሁለተኛውም... ነጣ። አራቱም! ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?

የካቲት 21
ጠርሙሶቹ ወይራ ወይራ ይሸታሉ። የጽዳት ሠራተኛችንን አዴ ዱረቲን ጠየቅኋቸው።
«ሸተተ። እንዲህ ሸቶ ወተት ይገባበታል? አጠንኩልሽ። ሁለቴ።»
እንደ ወተት ዕቃ! ስፖንጁ ጭስ ጠግቦ ነዋ የማይቀበለኝ። ጮህኩባቸው። ተማሪ ፊት። እናቴን በሚያህሉ ሰው ላይ። ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ።

የካቲት 22
ልዑልቃል ስልክ ላይ እስኪያስለው ሳቀ። ምኑ ያስቃል? «ጠግቦ ከሆነ አሙቂው፤ የበላውን ይትፋ» አለኝ።

የካቲት 23፣ ሐሙስ
አሞቅሁት። የወጣውን ጋዝ ስለቅበት የኖራው ውሃ ወተት መሰለ። የተቆለፈውን ቁራጭ አሞቅሁ... ጥርት። የወይራውን ጭስ በልቶ ነበር ማለት ነው! አራቱን ባዶ አድርጌ እንደገና የከሰል ጭስ ሰጠኋቸው። ውሃው አልነጣም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።
ልዑልቃል ግን ይጠግባል? እስከ መጋቢት አጋማሽ ጊዜ ሰጠኝ፣ ግን «ሦስቴ ድገሚው፣ ከነወይራው። እንዴት እንደታጠነ በዝርዝር ጻፊ» አለ። እኔ ማጠን ምኑን አውቄ? አዴ ዱረቲ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጡም።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ
ቤታቸው ሄድኩ። «አካም» ብዬ ሰላም አልኳቸው። «ናጋ» ብለው ብቻ መለሱ። ይቅርታ ጠየቅሁ። አፍሬያለሁ፣ በጣም።
«ስንት ደቂቃ ነው የሚታጠነው?»
«ደቂቃ የለም። ሽታው ይነግርሻል።»
ልጮህ ነበር። ዋጥኩት።
«አዴ፣ እርስዎ ካልመጡልኝ ትምህርቴ ቀረ።»
ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።
«እመጣለሁ። እኔ አጥናለሁ፣ አንቺ ትጠርጊያለሽ።»
ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የካቲት 28፣ ማክሰኞ
ስጠርግ ዋልኩ። ወገቤ! አዴ ዱረቲ ጠርሙሱን ጭሱ ላይ ደፍተው ይይዛሉ፣ እኔ መጥረጊያውን ጥዬ እየሮጥኩ ሰዓት አያለሁ። የመጀመሪያው ዘጠኝ ደቂቃ። ሁለተኛው አሥራ አራት።
«ለምን ይለያያል?»
«እንጨቱ ይለያያላ!»
እሱንም ጻፍኩ። ሦስተኛውን ጨርሰው ቀና አሉና ወለሉን አዩ።
«ያ ጥግ ቀርቷል፣ መምህርት።»
ተመልሼ ጠረግሁት።